«ስልክሽን ስጪኝ» ያልተባልኩበት ቅዳሜ

ሰላም ናችሁ? ከጻፍኩ ቆየሁ። ዛሬ የምጽፈውን ነገር ከአምስት ወር በፊት ልጽፈው ሞክሬ እንባዬ አላስጽፍ ብሎኝ ትቼው ነበር። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ትራሴ ስር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ነቃሁ፣ ደንግጬ ቀጨም ሳደርገው የልጄ እጅ ነው፣ የትልቁ፣ የሰባት ዓመቱ። ጨለማ ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ስልኬን እየፈለገ። «ምን ሆንክ የኔ ጌታ?» ስለው «ምንም» አለኝ፣ ዓይኑ ግን ትራሱ ላይ ነው። ቅዠት አስፈርቶት ቢሆን፣ ወይ በርዶት ጉያዬ ሊገባ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ፣ እኔ እዛው ተኝቼ እሱ የፈለገው ግን ከጭንቅላቴ ስር ያለውን ዕቃ ነው። ያን ቀን ሥራ ቦታ ሙሉ ቀን ያቺ ትንሽ እጅ ከፊቴ አልሄድ አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ልጁ አልጠየቀኝም። ትንሿ ስትወለድ እሱ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እሷን ሳጠባ እሱ ይንጠለጠልብኛል፣ እሷን ሳስተኛ እሱ ይጮኻል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ሳምንታት አልፈዋል፣ አንድ ቀን በቃ አቅቶኝ «እንካ ይቺን እያት» ብዬ ሰጠሁትና ቤቱ ፀጥ አለ። ያ ፀጥታ እንዴት እንደጣፈጠኝ እናት የሆነች ታውቀዋለች። ከዛ በኋላ ሁሌ ስልኩን የሚፈልገው እሱ ይመስለኝ ነበር፣ ፀጥታውን የምፈልገው ግን እኔ ነበርኩ። አሥር ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት፣ ሲበላ ስልክ፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ ስልክ፣ መኪና ውስጥ ስልክ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ስልክ። ሲበላ አፉን የሚከፍተው እኔ ማንኪያውን ሳስጠጋ ነው፣ ምን እንደበላ ብትጠይቁት አያውቀውም።

ስንት ሰዓት እንደሚያይ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፣ ስልኩ ራሱ ይቆጥራል፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩት። የኛ የሳምንቱ አማካይ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ወጣ። 4 ሰዓትን በ365 ሳባዛው 1,460 ሰዓት፣ ማለት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ቢቆጠር 60 ቀን፣ ከዓመቱ ሁለት ወር ሙሉ ሄደ ማለት ነው። ለባለቤቴ ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዛ የራሱን ከፍቶ አሳየኝ፣ የኔንም ከፈትን፣ የሁለታችንም ከልጁ ይበልጣል። ያን ማታ ብዙ አላወራንም።

ከዛ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው ይላል። ይቺን ብዙ ሰው ሰምቷታል መሰለኝ። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም መመሪያው ስለ ስክሪን ብቻ ሳይሆን ስለ ልጅ 24 ሰዓት ነው የሚያወራው። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ከዛ ውስጥ 60ው ደቂቃ ላብ በሚያወጣ ሩጫና ዝላይ፣ እንቅልፉ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። እነዚህን ሁሉ ደምሩና ምግቡን፣ ገላውን፣ ጨዋታውን ጨምሩበት፣ 4 ሰዓት ስልክ የት ይገባል? የሆነ ነገር ገፍቶ ነው የሚገባው። እኔ ልጄ ቪዲዮ ላይ ምን አየ እያልኩ ስጨነቅ ያ ሁሉ ሰዓት ከምን ላይ እንደተወሰደ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ትንሿን ደግሞ ስሙኝ። ያኔ ሦስት ዓመት ከምናምን ነበረች፣ የቀለማቱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከነዜማው ትዘፍነዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ እናስዘፍናታለን፣ ይጨበጨብላታል። አንድ ሌሊት ግን እያለቀሰች ተነሳች፣ የቱ ጋ እንዳመማት ብጠይቃት መናገር አልቻለችም፣ ጭንቅላቷን ትይዛለች፣ ትጮኻለች፣ ሐኪም ቤት ስንደርስ ጆሮዋ ነው። ስልኩ ነው ያደረጋት ብዬ አልምልም፣ ግን በዛ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሚያወራት ሰው እንዳነሰ እኔ አውቃለሁ። ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ጥናት አለ፣ ማንዳሪን ቻይንኛ ሰምተው የማያውቁ የ9 ወር አሜሪካዊ ሕፃናት ናቸው፣ ለአንዳንዶቹ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ተቀምጦ 12 ጊዜ በቻይንኛ መጽሐፍ እያሳየ በአሻንጉሊት አጫወታቸው፣ ለሌሎቹ ያንኑ ሰው ያንኑ ጨዋታ በቲቪ አሳዩዋቸው። ሰው ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፣ በቲቪ ያዩት ግን ምንም እንዳልሰሙት ልጆች ሆነው ቀሩ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ገላዋን ሳጥባት ዝም ብዬ ማጠብ ትቻለሁ፣ ይሄ ክርንሽ ነው፣ ይሄ ተረከዝሽ ነው፣ ውሃው ሞቀሽ? እያልኩ አወራለሁ።

መጀመሪያ የወሰድነው እርምጃ ግን ትልቅ ስህተት ነበር፣ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው። አንድ እሁድ ተነስቼ «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የለም!» ብዬ ታብሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ምንም አላዘጋጀሁም፣ በምትኩ ምን እንደሚያደርጉ አላሰብኩም፣ ዝም ብዬ ቀማሁ። ቤቱ ቀውጢ ሆነ፣ እዬዬው ቀለጠ፣ ትልቁ በር ላይ ራሱን እየወረወረ፣ ትንሿ እሱን እያየች፣ ረቡዕ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ መቋቋም አቃተኝና ከፍቼ ሰጠኋቸው። ልጆቹ ከዛ የተማሩት አንድ ነገር ነው፣ ሦስት ቀን በደንብ ካለቀስን ይከፈታል።

ቀጥሎ ለስለስ እንበል አልንና «አምስት ደቂቃ ቀረህ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረህ» ማለት ጀመርን፣ ሁሉም የሚመክረው እሱን ነው። ግን ጭቅጭቁ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ጀመረ እንጂ አልቀነሰም። በኋላ ሳነብ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1 እስከ 5 ዓመት ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ጠይቀው፣ መዝግበው፣ ይሄው የሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ነገር መለያየቱን እንዲያውም እንደሚያከብደው አይተዋል። የቀለለው ሁሌም በዛው ሰዓት የሚቆም የቤት ልማድ ሲሆን ነው፣ ወይ ደግሞ የሚያዩት ነገር በራሱ ሲያልቅ።

በራሱ ሲያልቅ! ችግሩ'ኮ አያልቅም። ኳስ ሲመሽ ያልቃል፣ ተረት «ተረቴን መልሱ» ሲባል ያልቃል፣ ድብብቆሽ ሁሉም ሲገኝ ያልቃል፣ ልጅ ከነዚህ ሁሉ ማለቅ የሚባለውን ነገር ይለምዳል። ቪዲዮው ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል፣ እንደዛ እንዲሆን ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት የሠራው ነው። ጣት ወደ ላይ ባደረግን ቁጥር ታች አዲስ ነገር የሚያመጣውን ማለቂያ የሌለው ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ አካውንቶች ቪዲዮ በራሱ መቀጠሉ ከመነሻው ጠፍቶ እንዲመጣ አድርጓል፣ ግን አስቡት፣ ልጆቻችን የሚያዩት በማን አካውንት ነው? በኛ። ስልኩ እኮ የያዘው የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ይመስለዋል። ስለዚ አዋቂ ሰው ማቆም ያቃተውን ነገር የሰባት ዓመት ልጅ በፈቃዱ እንዲያቆም እየጠበቅን «ባለጌ» እንለዋለን፣ ይሄ ነገር ልቤን ያደማዋል።

እና ምን አደረግን? መጀመሪያ በራሱ የሚቀጥለውን አጠፋን፣ ቪዲዮ ማየቱን ከስልክና ከታብሌት አወጣነውና ሳሎን ትልቁ ቲቪ ላይ ብቻ እንዲሆን አደረግን፣ ሰዓቱ ከገላ በኋላ ከራት በፊት፣ ምን እንደሚታይ ቲቪው ከመከፈቱ በፊት ይመረጣል፣ አንድ ክፍል፣ ሲያልቅ ሪሞቱን የሚጫነው ልጁ ራሱ ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች ግን ትልቅ ነገር ናት፣ ቀማሁህ የለም፣ እሱ ነው የዘጋው። ትልቁ ሲያጠፋ «ደህና እደር» ይለዋል ቲቪውን፣ ማንም አላስተማረውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ስክሪኑ ሲወጣ የሚመጣ ባዶ ሰዓት አለ፣ ማንም በደንብ የማይነግራችሁ እሱን ነው። ከትምህርት ቤት መጥተው እስከ ገላ ሰዓት ያለው ጊዜ ዳር የሌለው በረሃ ሆነባቸው። «ደበረኝ» «እማዬ ደበረኝ» «አባዬ ምን ላድርግ» ይሄ በቀን አርባ ጊዜ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እንደ መዝናኛ አዘጋጅ ሆኜ ሥዕል እንሳል፣ ኳስ እንጫወት፣ ና እንዲህ እናድርግ እያልኩ ላቤ ጠብ እስኪል ሮጥኩ፣ በሁለተኛው ቀን ሞትኩ በድካም። ከዛ ባለቤቴ «ተያቸው እስቲ፣ ይደብራቸው» አለኝ። ከባድ ነው ዝም ብሎ ማየት። ልጅህ ፊትህ ተጎሳቁሎ ምንም ሳታደርግለት መቀመጥ ጭካኔ ይመስላል።

አራተኛው ቀን ነው። ትልቁ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጣሪያውን ያያል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዛ ሆነ። ጥጉ ላይ ፍሪጅ የመጣበት ትልቅ ካርቶን ነበር፣ ልጥለው ስል ሳልጥለው የቀረ። በእግር ጣቱ የካርቶኑን ፕላስተር ይልጠው ጀመር፣ ጭርርር የሚለው ድምፅ ደስ አለው መሰለኝ ደገመው፣ ከዛ ተነስቶ ውስጡ ገባ፣ ጠፋ። ቆይቶ «መቀስ!» አለ ከውስጥ። ሰጠሁት። መስኮት ቀደደ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የቀደደው፣ ለሱ አይሆንም፣ ግን የትንሿ ጭንቅላት ልክ ነው፣ እሷ መጥታ ፊቷን አስገባችበትና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ ማየት ነበረባችሁ፣ ካርቶኑ አውቶቡስ ሆነ፣ የድስት ክዳን መሪ ሆነ፣ የጋዋኔ መቀነት የወንበር ቀበቶ፣ ከአሮጌ ደብተር ትኬት ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆይ ማን ይንዳ ብለው ተጣሉ፣ ጩኸት በጩኸት፣ ልነሳ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። ዝም አልን፣ ትንሽ ተጨቃጨቁና ትልቁ «በቃ አንቺ እስከ ማድቤት፣ እኔ ከማድቤት እስከ መኝታ ቤት» አላት፣ «እሺ» አለች። እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምክንያቱም ልጄ እንዲህ መደራደር እንደሚችል አላውቅም ነበር፣ እድሉን ሰጥቼው አላውቅማ።

ከዛ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የማይጣሉ ነገሮች አሉ፣ ካርቶን፣ ገመድ፣ ፕላስተር፣ አሮጌ አንሶላ፣ ጠመኔ፣ አንድ ባልዲ። ባልዲና ውሃ ብቻውን ለትንሿ አንድ ሰዓት ይበቃታል፣ አሻንጉሊቶቹን ግን ግማሹን ደብቄያለሁ፣ ሲበዙ አይጫወቱባቸውም።

ወደ ደጅም ማስወጣት ጀመርን፣ ቆሻሻ ቢሆኑም፣ ጉልበታቸው ቢላጥም። ለዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር እኔ። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ግማሾቹን ትምህርት ቤት በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ እንዲወጡ አድርገው ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፣ ካልወጡት ልጆች 39.5 በመቶው የሩቅ ዕይታቸው ደክሟል፣ ከወጡት ደግሞ 30.4 በመቶው። 40 ደቂቃ ነው'ኮ፣ መድኃኒት የለው መነፅር የለው፣ የቀን ብርሃን ብቻ። ማታ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ሰውነት ጨለማ ሲሆን ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያመነጫል፣ የስክሪን ብርሃን ያንን ይቀንሰዋል፣ የሕፃናት ዓይን ብርሃን በደንብ ስለሚያስገባ እነሱ ላይ ይብሳል። ስለዚ መኝታ ቤት ውስጥ ምንም ስክሪን የለም፣ የኛንም ጨምሮ፣ ለመነሻ የሰዓት ደወል ገዛን።

የኛንም ጨምሮ ያልኩት ላይ ልቁም ትንሽ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያደረገው ሙከራ አለ፣ እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ ድንገት ፊቷን ምንም ስሜት የሌለው ታደርገዋለች፣ ዝም፣ ድርቅ። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል፣ እናቱን ለመመለስ የቻለውን ሁሉ ይሞክራል፣ ሲያቅተው ፊቱን ያዞርና ያለቅሳል። ያኔ ስማርትፎን የለም፣ ግን እኔ ይሄን ሳነብ ያየሁት ራሴን ነው፣ ስልኬ ላይ ሆኜ «እህ… እሺ… አየሁት» ስል የኔ ፊት ያ ፊት ነው። ትንሿ አንዴ ሁለት እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ ፊቴን ወደሷ አዙራዋለች። «እኔን እዪኝ» አለችኝ። አሁን ከሥራ ስገባ ስልኬ በሩ አጠገብ ያለ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ድምፁ ክፍት ነው፣ የፈለገኝ ይደውላል፣ ልጆቹ እስኪተኙ ከዛ አይወጣም። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፣ እጄ ያለ ምክንያት ወደ ሳጥኑ ሲሄድ ነው የልጄ እጅ ለምን ትራሴ ስር እንደመጣ የገባኝ።

ሁሉም ስክሪን አንድ ነው እያልኩ አይደለም ደግሞ፣ ከአያታቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ አላቆማቸውም፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ከ18 ወር በታች ላሉት እንኳን የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ይፈቅዳል፣ እዛ ማዶ የሚመልስ ሰው አለና። እናቴ ግን እኛ ቤት ስትመጣ በድብቅ ስልኳን ትሰጣቸው ነበር፣ «ኧረ ልጄ አንጀቴን በሉት» እያለች። ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር፣ «እማዬ፣ አንቺ ለኔ ያወራሽልኝን ተረት ንገሪያቸው፣ እኔ እንዳንቺ አልችልበትም» አልኳት፣ እውነቴን ነው አልችልበትም። አሁን ተረቱ ስላለ ስልኳን ማንም አይጠይቃትም።

ብቻችሁን ልጆቻችሁን የምታሳድጉ፣ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ይሄን እያነበባችሁ የሚከፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ አይክፋችሁ። ያ ፀጥታ ለምን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ሁሉንም ባንዴ አትሞክሩ፣ ከምግብ ሰዓት ጀምሩ፣ እሱ ብቻ ለአንድ ወር፣ ወይ ከመኝታ ቤት ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ ስለዚ ሥራ የሚበዛበት ሳምንት ላይ አትጀምሩት፣ የሚያግዛችሁ ሰው ባለበት ጊዜ ጀምሩት።

ትልቁ በቅርቡ «የኔ የራሴ ስልክ መቼ ነው?» ማለት ጀምሯል፣ ክፍሉ ውስጥ ያላቸው ልጆች አሉ። ለዚህ ብቻችንን መልስ እንደማይኖረን ስለገባን ከሦስት የክፍል ጓደኞቹ ወላጆች ጋር ተቀምጠን አወራን፣ ስማርትፎን እስከ 14 ዓመት ላለመስጠት ተስማማን፣ መደወል ካስፈለገ የሚደወልበት ተራ ስልክ ይበቃል። አራት ቤት ሲስማማ ልጁ «ሁሉም አለው» ማለት አይችልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ሶሻል ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ስታደርግ ኃላፊነቱን የጣለችው በካምፓኒዎቹ ላይ ነው፣ በልጁና በወላጁ ላይ አይደለም፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ውስጥ አንቀጽ 31 የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተጻፈ፣ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። መጫወት መብት ተብሎ ተጽፎ ሳየው ገረመኝ፣ እኔ ትርፍ ጊዜ ሲኖር የሚደረግ ነገር አድርጌው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ሲናጥ ዋለ። አንሶላ ከወንበር ወንበር ተወጥሯል፣ ውሃ ፈስሷል፣ አንድ ኩባያ ተሰብሯል፣ ሁለቴ ተጣልተው ሁለቴ ታርቀዋል። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ልብስ እያጠፍኩ ድንገት ታወቀኝ፣ ዛሬ ማንም ስልክሽን ስጪኝ አላለኝም። ወጥቼ ሳይ ካርቶኑ ኮሪደሩን ዘግቶታል፣ ሦስት ቦታ በፕላስተር ተጠግኗል፣ ትንሿ መሪው ላይ ናት። ልሻገር ስል ትልቁ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና ትኬት ቆረጠልኝ፣ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ በእርሳስ «እማዬ፣ 1 ሰው፣ እስከ ማድቤት» ይላል።